ለጽዋው የሚገባው ወይን የትኛው ነው?

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን በልጅነቱ በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ የተማረ፣ አሁን በደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ወላጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ አንድ ጠርሙስ ነጭ የወይን ጠጅ በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «አባ፣ ይህ ለመሥዋዕት ይሁንልኝ። ተራ ወይን አይደለም፤ ያረጀ ተክል ፍሬ ነው» አለኝ። በጠርሙሱ አንገት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ምልክት ተክሉ የተተከለበትን ዓመት ታሳያለች፤ 1974 እ.ኤ.አ. ትላለች። እኔ ዋጋውን አልጠየቅሁም። አጠገባችን ቆሞ የነበረው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራችን ግን ጠየቀው፤ ሲነገረውም ፊቱ ተለወጠ። ወጣቱ ከሄደ በኋላ፣ «አባ፣ በዚህ ገንዘብ እኮ ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የብዙ ወር ዘቢብ ይገዛ ነበር፤ ለአንዲት መበለትም ጤፍ ይተርፍ ነበር» አለኝ።

ይህን አባባል ማን እንደ ተናገረው ሁላችንም እናውቃለን። በቢታንያ ቤት ሽቱው በፈሰሰ ጊዜ፣ በሦስት መቶ ዲናር ተሸጦ ለድሆች ቢሰጥ ኖሮ ብሎ ያጉረመረመው ይሁዳ እንደ ሆነ ዮሐንስ ጽፎልናል፤ ሌባ ስለ ነበረ ነው እንጂ ለድሆች አስቦ አይደለም ሲልም ጨምሮበታል። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንሰማ ጠያቂውን በይሁዳ ስም ዝም ማሰኘት ይቀናናል። ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም። ማቴዎስ ያጉረመረሙት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይላል እንጂ ይሁዳን ለይቶ አይጠራም። እንግዲህ ያው ጥያቄ በሌባ አፍም በቅን ሰዎች አፍም ተነሥቷል ማለት ነው። ክፉ ሰው ስለ ጠየቀው ጥያቄው ክፉ አይሆንም። መምህራችንም ሌባ አይደለም፤ ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ለልጆች ደብተር ሲገዛ ያየሁት ሰው ነው። ስለዚህ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንይ፤ አጭር ነውና። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት የሕገ ቀኖና መጽሐፍ በቀኖና 924፣ በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖናት መጽሐፍም በቀኖና 706 የሚጠይቁት ወይኑ ከወይን ፍሬ የተገኘ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበትና ያልተበላሸ እንዲሆን ነው። በዚህ ውስጥ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ መዓዛው አንድም ቃል የለም። ነጭ ይሁን ቀይ የሚልም የለም፤ በብዙ አገር ካህናት ነጩን የሚመርጡት የጽዋውን መጥረጊያ ጨርቅ ስለማያቀልም ብቻ ነው። በ2017 ከቅድስት መንበር ለጳጳሳት የተላከው ደብዳቤም ያሳሰበው ወይኑ ከየት እንደ መጣና ንጹሕ መሆኑ በሚታመን ሰው እንዲረጋገጥ ነው። ስለዚህ በትልቅ ሆቴል ማዕድ ላይ የሚመሰገን ወይን ንጽሕናው ካልታወቀ ለጽዋው የማይሆንበት፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ወይን ደግሞ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የጠጅ ቀማሾች ሚዛንና የመሠዊያው ሚዛን አንድ አይደሉም።

ከዘቢብ የሚወጣውስ? በዘርዐ ክህነት ሳለን ያነበብናቸው የቀድሞ የነገረ መለኮት መጻሕፍት ቀለሙና ጣዕሙ እውነተኛ ወይን መሆኑን እስካሳየ ድረስ ይፈቀዳል ይሉ ነበር። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ገና ያልፈላው የወይን ጭማቂ የወይን ባሕርይ ስላለው ለምሥጢሩ እንደሚበቃ፣ ኮምጣጤ የሆነው ግን ወይን መሆኑ ስለ ቀረ እንደማይበቃ አስተምሯል። በዚያው ስፍራ ለአገራችን የተጻፈ የሚመስል ተቃውሞ አንሥቶ ይመልሳል። ወይን የማይበቅልባቸው አገሮች አሉ፤ ታዲያ ወይን እንዴት የሁሉ ምሥጢር መሥፈርት ይሆናል? የሚል ነው። ወይን በየአገሩ ባይበቅልም ለምሥጢሩ የሚበቃ ያህል ወደ አገሩ ሁሉ ሊደርስ ይችላል ብሎ መለሰ። በጣልያን ተወልዶ በፓሪስ ላስተማረ ሰው ይህ ቀላል መልስ ነው። «ሊደርስ ይችላል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ግን በበቅሎ ጀርባ የሚያደርሰው ሰው ነው።

ይህን የተረዳሁት በላስታ፣ በአሸተን ማርያም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከላሊበላ ከተማ ተነሥቼ በእግር ወጥቻለሁ። መንገዱ ለአገሬው ሁለት ሰዓት ነው ይባላል፤ እኔን ከዚያ በላይ ወስዶብኛል። በመጨረሻ ላይ በዓለት መካከል የተሰነጠቀ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከዚያ ሲወጡ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። ትውፊቱ የንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ሥራ ናት ይላል፤ አጎቱ ላሊበላ ጀምሯት እርሱ ፈጸማት የሚሉም አሉ። በዚያ ብርድና ነፋስ ውስጥ የወይን ሐረግ ይበቅላል ብሎ የሚያስብ የለም። በዙሪያው ያለው ወይራና ጽድ፣ ገብስና ድንጋይ ነው።

እዚያ ያገኘኋቸውን አንድ አረጋዊ ካህን፣ እንግዳ መሆኔንና የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ካህን እንደ ሆንሁ ነግሬ፣ ስለ መሥዋዕቱ ወይን ጠየቅኋቸው። አላፈሩብኝም፣ አልገፉኝምም። ዘቢቡ በቅዳሜ ገበያ ከላሊበላ እንደሚገዛ፣ ተለቅሞና ታጥቦ በቤተ ልሔም በንጹሕ ውኃ እንደሚዘፈዘፍ፣ ሲርስ ታሽቶ እንደሚጨመቅ ነገሩኝ። «ዘቢብ የጠፋ ዕለትስ እንዴት ትሆናላችሁ፣ አባቴ?» አልኋቸው። «መንገድ ሲዘጋ ይወደዳል እንጂ አይጠፋም፤ ጥቂት ጥቂት እያልን እናደርሰዋለን። ፍሬው የሩቅ ነው፣ ልጄ፤ ውኃው የኛ ነው» አሉኝ። ከዚያም ወደ ምንጩ የሚወርደውን መንገድ በመቋሚያቸው አሳዩኝ። ውኃውን ዲያቆኑ በጀርባው እያወጣ ነው የሚያደርሰው።

ይህ ሥርዓት የትናንት አይደለም። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣውና የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ የአገሩ ካህናት የቅዳሴውን ወይን ከዘቢብ እንደሚያዘጋጁ መዝግቧል። የግብፅ ቅብጦችም ከዘቢብ የሚያወጡት ወይን ነበራቸው። ዘቢብ እኮ ለመንገድ የተዘጋጀ ወይን ነው። ጠርሙስ ይሰበራል፣ አቁማዳ ያፈሳል፣ ወይኑ በሙቀት ይኮመጥጣል፤ የደረቀ ፍሬ ግን በጨርቅ ተቋጥሮ በረሃውንም ደጋውንም ያልፋል፤ ከተራራው ላይ ሲደርስም ውኃ አግኝቶ ይመለሳል። ቅዱስ ቶማስ ሊደርስ ይችላል ያለውን የላስታ ካህናት በዚህ መንገድ አድርሰውታል።

አገራችን ወይን አታውቅም ማለቴ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ መንገደኞች ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ የወይን ተክል እንደ ነበረ ጽፈዋል። ያ ተክል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደረሰበት በሽታ አብዛኛው ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮ ዛሬ ስላረጀ ወይን የምንናገረው ስለ ይፋግ በሆነ ነበር። ዛሬ ያለን የጉደርና የአዋሽ ስም፣ በዝዋይ ደግሞ ከ2007 ወዲህ የተተከለው የካስቴል እርሻ ነው፤ ይህም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያወጣው በ2014 ነው። (እርሻውን ከጉማሬ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር አስፈልጓል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ወይን ቦታ አጥር ሲናገር ጉማሬን ያሰበ አይመስለኝም።) ዓለም አቀፉ የወይን ድርጅት በ2024 ባወጣው ውሳኔ ያረጀ የሚባለው ቢያንስ 35 ዓመት የሞላው ተክል ስለ ሆነ፣ የዝዋዩ ገና ልጅ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ መምህራችንም በኋላ አንሥቶታል። ላስታ የማር አገር ነው። የንጉሡ ስም ራሱ ሲወለድ ከከበበው ንብ ጋር በትውፊት ተያይዟል። ታዲያ የምድሪቱ ምርጥ ማር ከሆነ ለምን ጠጅ ለመሥዋዕት አይቀርብም? ይህን መሰል ጥያቄ በአፍሪካ በብርቱ ካነሡት አንዱ ካሜሩናዊው ካህን ዣን ማርክ ኤላ ነበር። ማሽላ የሚበላ ገበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ስንዴና ወይን ብቻ ወደ መሠዊያ እንዲያቀርብ ሲደረግ፣ የእጁ ሥራ ከመሠዊያው ውጭ ቀረ ማለት አይደለምን? ሲል ጠይቋል። ቤተ ክርስቲያን መሥፈርቱን አልለወጠችም፤ እኔም ባትለውጠው ትክክል ነች እላለሁ። ጌታ የተወለደው በየትም ቦታ ሳይሆን በአንድ ቦታ ነው፤ በዚያች ሌሊት ከፊቱ የነበረው የአንዲት አገር ማዕድ ነበር። ይህን ከለወጥነው በታሪክ የሆነውን ነገር ወደ ምሳሌ እንለውጠዋለን። ቢሆንም የአባ ኤላ ጥያቄ በዚህ አልተዘጋም። ምድሪቱ የምትሰጠው ምንድን ነው? ለሚለው የአሸተኑ አረጋዊ የሰጡኝን መልስ ነው የማስታውሰው፤ ውኃውን አሉኝ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ያረጀ ተክል ፍሬ ለምን ይከበራል? ባለሙያዎች እንደሚሉት የወይን ተክል ሲያረጅ ሥሩ ይጠልቃል፣ ዘለላው ያንሳል፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለሚይዝም ጣዕሙ ይጠነክራል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የታመመ አሮጌ ተክል ከጤነኛ ወጣት ተክል የከፋ ፍሬ ይሰጣል፤ በስንፍና የተያዘ አሮጌ እርሻም ከትጉህ አዲስ እርሻ አይበልጥም። ዕድሜ በራሱ ምግባር አይደለም። እኛ አገር ግን ያረጀ ሁሉ የተቀደሰ፣ አዲስ ሁሉ የረከሰ ይመስለናል፤ በቁምስና ጉባኤም ይህ አስተሳሰብ ስንት ጊዜ እንዳደናቀፈን ታውቃላችሁ።

በእኔ አስተያየት በአሮጌው ወይን ውስጥ የሚከበረው ዕድሜው ሳይሆን ሰው ያልነቀለው መሆኑ ነው። ወጣቱ ያመጣው ወይን ሼናን ብላን ከሚባለው ዘር ነው፤ በዚያ አገር ስቴን ይሉታል። ለብዙ ዘመን ለርካሽ ወይንና ለኮኛክ ማውጫ ይተከል የነበረ ዘር ነው። ተክሉ ሲያረጅ ፍሬው ስለሚያንስ ገበሬው ይከስራል፤ ስለዚህ ብዙው ተነቅሎ ሌላ ተተክሎበታል። ሮዛ ክሩገር የተባለች የእርሻ ባለሙያ ከ2002 ጀምሮ የቀሩትን አሮጌ እርሻዎች እየዞረች ባትመዘግብና እንዲጠበቁ ባትከራከር ኖሮ ብዙዎቹ ዛሬ አይኖሩም ነበር። በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለችው ምልክት ከዚያ ድካም የወጣች ናት። ስለዚህ የዚያ ጠርሙስ ዋጋ በከፊል የሚያከስር መሆኑ እየታወቀ ተክሉ እንዲቆይ የፈቀደ ሰው ዋጋ ነው። ባለቤቱ ይቆረጥ ያለውን በለስ፣ አንድ ዓመት ተወው፣ ኮትኩቼ ፍግ ላፍስበት ብሎ የለመነውን የወይን ጠባቂ ያስታውሰኛል።

እዚህ ላይ ብቆም መልሱ ቀላል በሆነ ነበር፤ መልካም ወይን ነው፣ መልካም ስጦታ ነው፣ ይሠዋ። ግን ዓመቱ አላስቆመኝም። 1974 ማለት በእኛ አቆጣጠር 1966 መጨረሻና 1967 መጀመሪያ ነው። ወሎ በረኃብ ካለቀ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከዙፋናቸው የወረዱበት ዓመት ነው። ከላስታና ከዋግ፣ ከራያና ከየጁ የተነሣው ሕዝብ በመንገድ ዳር ሲወድቅ ማንም በጊዜው አልነገረለትም። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ እናቴ ግን ስለዚያ ዘመን ስትናገር ሁልጊዜ ድምፅዋን ትቀንሳለች። የአንድ ዓመት ቁጥር ነው፤ በአንዱ የአፍሪካ ጫፍ ወይን ተተከለ፣ በሌላው ሰው ተቀበረ። ይህ ወይኑን አያረክሰውም። ተካዩ ስለ ወሎ አልሰማ ይሆናል። ነገር ግን «ያረጀ» የሚለውን ቃል ስሰማ የማየው ሥሩ የጠለቀ ሐረግ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። በ1974 በደቡብ አፍሪካ ወይን የሚተክሉት እጆች የማን ነበሩ? የዘር መድልዎ ሥርዓት ጸንቶ በነበረበት ዘመን በምዕራባዊው ኬፕ የወይን እርሻ ሠራተኞች የደመወዛቸውን ከፊል በወይን ጠጅ የሚቀበሉበት ልማድ ነበር፤ ዶፕ ይሉታል። ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረደ ነው። በ1960ዎቹ በሕግ ቢከለከልም በብዙ እርሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆይቷል። ትውልድ በመጠጥ ተጎድቷል፤ ዛሬም ያ አካባቢ እናታቸው በእርግዝና ከጠጣችው መጠጥ የተነሣ ጉዳት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም እጅግ ከሚበዙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ ጠርሙስ የወጣበት እርሻ እንዲህ አድርጓል ብዬ አልወነጅልም። ጥያቄው ግን ከዚያ ምድር የወጣውን አሮጌ ወይን ሁሉ ይከተለዋል።

ሕገ ቀኖና የሚመረምረው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ ነው፤ ስኳር፣ ቀለም፣ ሌላ አልኮል። የሠራተኛው ያልተከፈለ ደመወዝ በምርመራ አይገኝም። ቢሆንም መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 34 በግፍ ከተገኘ ሀብት የሚቀርብ መሥዋዕት እግዚአብሔርን እንደማያስደስት፣ የድሃውን እንጀራ የሚነሣም ነፍሰ ገዳይ እንደ ሆነ ያስተምራል። በ1514 በኩባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለ ካህን ለስብከት ሲዘጋጅ ይህን ምዕራፍ አንብቦ ኅሊናው ተወጋ፤ ራሱም የሚገዛቸው ሕንዶች ነበሩትና ለቀቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜውን ስለ እነርሱ ሲሟገት ኖረ። ልብ በሉ፤ ላስ ካሳስ ወይኑ ንጹሕ አይደለም፣ ቅዳሴውም አይጸናም አላለም። ምሥጢሩ በሰው ግፍ አይሻርም። የተለወጠው እርሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ዘቢቡንስ ያደረቀው ማነው? በምን ደመወዝ? ከባሕር ማዶ መጥቶ በነጋዴ እጅ አልፎ በላሊበላ ገበያ የሚሸጠው ዘቢብ የራሱ ያልተነገረ ታሪክ አለው። በርካሽ ተገዛ ማለት በንጽሕና ተገኘ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ርካሽ የሆነው ሌላው ሰው ስለ ከፈለልን ነው። መምህራችን ዘቢቡን በድህነቱ ንጹሕ፣ ወይኑን በውድነቱ ርኩስ ማድረጉ በዚህ ምክንያት አላሳመነኝም። ወጣቱም በውድነቱ የተሻለ መሥዋዕት ያቀረበ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ በጽዋው ውስጥ የሚሆነው ነገር ከወይኑ ጥራት አይጨምርም አይቀንስም። ስጦታው ዋጋ ያገኘው ከሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ በባዕድ አገር በሰው ሱቅ ውስጥ ሲሠራ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደ ተዘረፈ እናቱ ነግረውኛል። በዚያ ሁሉ መካከል መሠዊያችንን አስታወሰ። ይህን በብር መንዝሮ ለጤፍ ማዋል ይቻል ይሆናል፤ ለእርሱ ግን የሆነ ነገር ተወስዶበት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? የወይኑን ንጽሕና ከሚያውቅ ሰው አረጋገጥሁ፤ በጰራቅሊጦስ እሑድም ከእርሱ ጥቂት ወደ ጽዋው ጨመርሁ። ለቅዳሴ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ነጭ ወይን ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም። የቀረውን ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው አዳራሽ ከዳቦ ጋር ለሽማግሌዎቹና ለመምህራኑ በትንንሽ ብርጭቆ አቀረብሁ። የልጁ እናት መጀመሪያ ቀመሱ፤ ፊታቸውን አጨማደዱና «ይኮመጥጣል፤ ልጄ በዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የጨረሰው?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። መምህራችን አልጠጣም። ብርጭቆውን ተቀብሎ ለጎረቤቱ አቀበለ፤ በማግሥቱም ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ከመምህራኑ መሰብሰብ እንደ ጀመረ ነገረኝ። እኔም አዋጣሁ። ስለ ወይኑ ግን አሁንም አንስማማም፤ እርሱ በእኔ ጽሑፍ ላይ የሚሰጠውን መልስ አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም ቢያወጣለት ደስ ይለኛል።

ጠርሙሱን የልጁ እናት ወስደው ዘይት ይዘውበታል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ አየሁት፤ ምልክቷ ከፊሏ ተልጦ ዓመቱ ብቻ ቀርቷል።